ያልመጣው ማን ነው?

ስለ ፍቅርና ስለ መልካም እረኝነት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከጉና ተራራ ትከሻ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ከተዘረጋው አገራችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ የእርሻና የቤት ሥራችሁን አቆይታችሁ በአንድነት ለመሰብሰብ ያበቃችሁ የአባቶቻችን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

እኛ ከልማት ኮሚሽኑ ወደ እናንተ ስንመጣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ፣ ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊዎች ናቸው። ዛሬ ግን ከእነዚህ ሁሉ ሥር ስላለው ነገር እንድንነጋገር ወደድን። የሚመራ ሰው የሚመራቸውን ካልወደዳቸው፣ እርከኑም ምንጩም ሒሳቡም ውሎ አድሮ ጠባቂ ያጣል። ፍቅር ያለው መሪ ባለበት አጥቢያ ግን ጥቂቱ ይበቃል፤ የፈረሰውም ይጠገናል። ይህን ያየነው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእናንተው አጥቢያዎች ስንመላለስ ነው።

ፍቅር ይቀድማል፤ አደራ ይከተላል

ጌታችን ከሙታን ተለይቶ ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ እንደ ተገለጠ ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ በምዕራፍ 21 ጽፎልናል። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ለቀሩት ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ ያዘጋጀላቸው ነገር ትምህርት አልነበረም። ፍም፣ ዓሣና እንጀራ ነበር። ካበላቸው በኋላ ወደ ጴጥሮስ ዘወር ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በእሳት ዳር ቆሞ ሦስት ጊዜ የካደ ሰው መሆኑን እናስታውስ። ጌታችን ያን አንሥቶ አልወቀሰውም፤ ስለ ዕውቀቱም፣ ስለ ችሎታውም፣ ስለ ወገኑም አልጠየቀውም። የጠየቀው ይወደው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ጴጥሮስ ፍቅሩን በገለጠ ቁጥር ጌታ መንጋውን የመጠበቅ አደራ ሰጠው።

አባቶቻችን ይህን ክፍል ሲተረጉሙ አደራው ሐዋርያትን፣ ሰባ ሁለቱን አርድእትና ሠላሳ ስድስቱን ቅዱሳት አንስት እንደሚያጠቃልል ያስተምራሉ። እንግዲህ እረኛው የተሾመው ለታላላቆቹ ብቻ አይደለም፤ ለታናናሾቹም፣ ለወንዶቹም ለሴቶቹም ነው። ቅደም ተከተሉንም ልብ እንበል። መጀመሪያ ፍቅር፣ ቀጥሎ አደራ። ሹመቱን አስቀድሞ ፍቅሩን ቆይቶ እፈልገዋለሁ የሚል ሰው የሥርዓቱን መጨረሻ መጀመሪያ አድርጎታል።

ይህ ፍቅር በልብ ብቻ የሚቀር ርኅራኄም አይደለም። ጌታችን በሐሙስ ማታ ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል። እኛም በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እናያለን፤ ብዙዎቻችንም እናለቅሳለን። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዓመት አንድ ቀን ዝቅ ያልን ሰዎች በቀሩት ቀናት የት ነን? ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የእስራኤልን እረኞች ሲወቅስ የዘረዘረውን ስናነብ፣ ደካማውን አለማበርታት፣ የታመመውን አለማከም፣ የተሰበረውን አለመጠገን፣ የባዘነውን አለመመለስ፣ የጠፋውን አለመፈለግ የሚሉት አምስቱም በደሎች የተደረገ ክፉ ሥራ ሳይሆኑ ያልተደረገ መልካም ሥራ መሆናቸውን እናስተውላለን። እረኛ በመስረቅ ብቻ አይበድልም፤ ባለማየትም ይበድላል።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፤ የአገልግሎታችሁን ሥር ለማወቅ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 6 ደጋግማችሁ እንድታነቡ እንማልዳችኋለን። በኢየሩሳሌም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ገና ወጣት ሳለች፣ በየዕለቱ በሚደረገው የምግብ እደላ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ። ከሩቅ የመጡ፣ ቋንቋቸው የተለየ፣ በከተማይቱ ዘመድ የሌላቸው ነበሩና ከዝርዝሩ ወጡ። በዚህም ቅሬታ ተነሣ።

ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ስድብ አልቈጠሩትም፤ የተናገሩትንም ዝም አላሰኙም። ሕዝቡን ሰብስበው መልካም ስም ያላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አደረጉ። ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በዚህ ታሪክ መጨረሻ የምናነበው ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ መበለቶቹ ከታሰቡ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርቱም ቍጥር እየበዛ ሄደ። የተረሱትን ማስታወስ ከስብከተ ወንጌል ሥራ የሚቀንስ የመሰለው ሰው ይህን ይመልከት።

በእኛም አገር በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ታውጆ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚመክሩበት የሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው እንዲቋቋም ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለአድባራቱና ለመምህራኑ መተዳደሪያ የነበረው የመሬት ገቢ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቅደሱም፣ አገልጋዩም፣ የአብነት ጉባኤውም የሚደገፈው በምእመናን እጅና በሰበካ ጉባኤው ትጋት ሆነ። እናንተ የተቀመጣችሁበት ወንበር የክብር ወንበር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። የብዙ ሰው ጉሮሮ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ደቀ መዝሙርነት በዚህ ምድር

ደቀ መዝሙር የሚለው ቃል ለሌላው ሰው የመጽሐፍ ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ግን በየደጁ የሚቆም፣ ፊቱ የሚታወቅ ልጅ ነው። የድጓ ምስክር የሚገኝባት ቤተልሔም በጋይንት ናት። የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት የሚመሰከርበት ዙር አባም ከዚሁ ምድር ነው። በመላው ኢትዮጵያ በመቅደስና በቅኔ ማኅሌት የሚያገለግሉ ስንት መምህራን እንጀራችሁን በልተው፣ ውኃችሁን ጠጥተው፣ በእናንተ ደጅ ጎጆ ቀልሰው ተምረዋል! ይህ አገር ከአፈሩ ያገኘውን ጥቂት እህል ወደ ዜማ ለውጦ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ አገር ነው ብንል አላጋነንም።

በአብነት ትምህርት ቤቱ ውስጥ የእረኝነትን ፍቅር በዓይናችን እናየዋለን። የኔታ የሚያስተምሩት በጅምላ አይደለም። አንዱ ውዳሴ ማርያም፣ ሌላው ጾመ ድጓ፣ ሌላው ድጓ እያለ እያንዳንዱ በደረሰበት ተቀምጦ ይቀጽላል፤ የኔታም የእያንዳንዱን ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። ከመቶ ድምፅ መካከል የአንዱ ልጅ ዜማ ሲሰበር ጆሯቸው ይሰማል፤ ዘወር ብለው ያቀኑታል። ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ታናሹን ያስቀጽላል። አዲስ የመጣው ልጅ ጎጆ እስኪኖረው ከነባሩ ጋር ይተኛል፤ የለመኑትንም ቁራሽ በአንድነት ይቋደሳሉ። ደመወዝ ሳይኖራቸው፣ አንዳንዴም ራሳቸው ጾማቸውን እያደሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወንበር ዘርግተው የኖሩ መምህራን ከዚህ ምድር አልጠፉም። ፍቅር ያለው አመራር ምን እንደሚመስል ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ከዚሁ የፍቅር ትምህርት ቤት በጎረቤታችን በጎጃም የታየውን አንድ ምሳሌ እንጨምር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ልጄ ሴት ናት፣ ዓይነ ስውርም ናት ብለው ከጉባኤው አላራቋትም። ልጅቱም ቅኔን ተምራ፣ በኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ብዙ ሊቃውንትን ያስተማሩ ታላቅ መምህርት ሆኑ። ሌላው እንደማይጠቅም የሚቈጥረውን ሰው ፍቅር በሌላ ዓይን ያየዋል። በየአጥቢያችን እንዲህ ያለ ዓይን አጥቶ ተሰውሮ የቀረ ስንት ጸጋ ይኖር ይሆን?

ያልተቈጠሩት

እንግዲህ አሁን የራሳችንን በደል ልንናገር እንገደዳለን። ሌላውን ከመምከር አስቀድሞ ራስን መውቀስ ይገባልና።

ከዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ የእህል ድጋፍ ልናድል መጥተን ነበር። ስም ዝርዝሩ በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በእጃችን ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ በጥላው ሥር ቆመን ስም ጠራን፤ የተጠራው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለ፤ ፈረመ፤ የማይጽፈውም በጣቱ ፈረመ። አንድም ኪሎ አልጎደለም። ደስ ብሎን ወረቀታችንን ስንሰበስብ አንድ ሽማግሌ ካህን በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀረብ አሉንና፣ «ልጆቼ፣ የመጣውን ሁሉ ቈጠራችሁ፤ ያልመጣው ማን ነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እርሳቸው ግን ያውቁ ነበር። ተከትለናቸው ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ ካሉት ጎጆዎች በአንዱ ሁለት ልጆች በትኩሳት ተኝተው አገኘን። ታናሹ አኮፋዳውን ተንተርሶ ነበር። ሦስት ቀን ለልመና አልወጡም፤ ስለዚህም ሦስት ቀን በቂ እህል አልቀመሱም። ከእነርሱ ጥቂት ርቆ አንዲት እናት አልጋ ላይ የዋሉ እናታቸውን ትተው መምጣት ስላልቻሉ ቀርተዋል። ልጆቹ በዚያው ቀን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ዳኑ። አንድ ሳምንት ብንዘገይ ግን ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራናል።

ከዚያ በኋላ እንዴት ሊረሱ ቻሉ ብለን መረመርን። ማንም በክፋት አላወጣቸውም። ዝርዝሩ የተዘጋጀው በቀበሌው በአባወራና በእማወራ ነበር። የአብነት ተማሪ ግን በመጣበት ቀበሌ ሄዷል ተብሎ አይቈጠርም፤ በተቀመጠበትም ቀበሌ አባወራ ስላልሆነ አይመዘገብም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ዋስትና ችግር ላሉ ወረዳዎች የተዘረጋው የሴፍቲኔት ድጋፍም ሆነ የጤና መድኑ የሚሠራው በቤተሰብ አቈጣጠር ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ በሁለት አገር መካከል፣ በሁለት መዝገብ መካከል ወድቆ ቀርቷል። በኢየሩሳሌም ከሩቅ መጥተው ከእደላው የተረሱትን መበለቶች አያስታውሰንምን?

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህን ልጅ በስሙ ልታውቀው የምትችል አንዲት መዝገብ ብቻ አለች፤ እርሷም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ናት። እኛ ካልቈጠርነው ማንም አይቈጥረውም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የምድሪቱ ሁኔታ ነው። አፈሩ በጎርፍ ተጠርጓል፤ ማሳው በየትውልዱ ተከፋፍሎ ጠቧል፤ ዝናቡ አንድ ዓመት ይዘገያል፣ ሌላ ዓመት ቀድሞ ይቋረጣል። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከብዙዎቻችሁ ትዝታ አልጠፋም፤ የ2008 ዓ.ም. ድርቅም ቅርብ ነው። ገበሬው ጎተራው ሲራቆት በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጁ ለሚቆመው ልጅ የሚሰጠው ቁራሽ ይቀንሳል። እናቶቻችን ከልጆቻቸው አፍ ነጥቀው እንደሚሰጡ እናውቃለን፤ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ነገር ግን የጉባኤ ቤቱን ህልውና ለየቤቱ ርኅራኄ ብቻ መተው በድርቅ ዓመት ጉባኤው እንዲበተን መፍቀድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሸክሙን ለሃምሳው የሚያከፋፍል ግን አንድ ሰብሳቢ ያስፈልጋል።

ከዛፎቻችን የምንማረው

በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ደን እንመልከት። በደቡብ ጎንደር ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ሰው በተራቆተው ምድር መካከል እንደ ደሴት የሚያያቸው አረንጓዴ ክቦች የእናንተ ዐፀዶች ናቸው። የደን ተመራማሪዎች በዚሁ ዞን በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ ቁም ነገር አሳይተውናል፦ ትላልቆቹ ዛፎች ቢያምሩም ከብት እየገባ ታናናሾቹን ችግኞች ከረገጣቸውና ከበላቸው ደኑ ተተኪ አያገኝም። ከብት እንዳይገባ ሲደረግ ግን ችግኞቹ ይድናሉ። ይህን የተረዱ አጥቢያዎች ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ሠርተዋል። በአንድ ሥራ ማሳው ጸዳ፣ ደኑም ተጠበቀ።

የቤተ ክርስቲያንም ነገር እንዲሁ ነው። ታላላቅ ሊቃውንት ዛሬ ስላሉን ደስ ይለናል። ነገር ግን ከሥራቸው ያለው ችግኝ በረሀብና በበሽታ ከተረገጠ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በእነርሱ ወንበር የሚቀመጠው ማን ነው? ዛሬ በዚያ ጎጆ የተኛው ልጅ ነገ የኔታ የሚባለው ሰው ነው። ፍቅር ያለው መሪ ማለት ለችግኙ ካብ የሚሠራ ሰው ነው።

ምን እናድርግ?

ፍቅርን በተግባር ለመግለጥ ከሁሉ አስቀድሞ የምንለምናችሁ አንድ ደብተር እንድትከፍቱ ነው። የአስተዋጽኦ ደብተር አላችሁ፤ የንዋያተ ቅድሳት መዝገብ አላችሁ። ከእነርሱ ጎን የሰው መዝገብ ይኑራችሁ። በእርሱ ላይ የእያንዳንዱ የአብነት ተማሪ ስም፣ የመጣበት አገር፣ የወላጅ ወይም የዘመድ ስም፣ የመጣበት ቀን ይጻፍ። ያለ ጧሪ የቀሩ አረጋውያን፣ ባል የሞተባቸው እናቶች፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማን፣ ወላጅ ያጡ ልጆችም ይጻፉ። የስብሰባችሁ የመጀመሪያ አጀንዳ ይህ ደብተር ይሁን፤ ሒሳቡ ከእርሱ በኋላ ይነበብ። ሰብሳቢውም ሁልጊዜ ሽማግሌው የጠየቁንን ይጠይቅ፤ ከመካከላችን ያልመጣው ማን ነው?

ሁለተኛው መሄድ ነው። መዝገብ ብቻውን እንደማይጠብቅ እኛ በራሳችን አይተነዋል። በየሳምንቱ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ካህንና አንድ ምእመን፣ ወይም አንዲት እናት፣ ጎጆዎቹን ይዙሩ። በሰበካ ጉባኤው ውስጥ እናቶች እንዲኖሩ የምንወተውተውም ለዚሁ ነው። ወንዶች አልፈውት የሚሄዱትን የታመመ ልጅ እናት በዓይኑ ብቻ አይታ ታውቀዋለች።

ሦስተኛው ጤና ነው። በተማሪዎቹ ጎጆ ደጋግሞ የሚገባው እከክና በቅማል የሚተላለፈው፣ ተሻለ ሲሉት የሚያገረሸው ትኩሳት ሁለቱም የሚታከሙና የሚከላከሉ ናቸው። የእከክ መድኃኒት ለታመመው ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚተኙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተሰጠ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ልብስና መኝታ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ለምድንና ደበሎን በፀሐይ ማስጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ጉባኤ ቤቱ ጋብዟት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በሙከራ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነበር፤ አሁን ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎቹ በዚህ መድን የሚታቀፉበትን መንገድ ከቀበሌና ከጤና ጣቢያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ መዝገባችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ስም የያዘ ወረቀት ይዞ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄደው ይልቅ ይሰማል።

በዚህ ረገድ ካህናት አባቶቻችን የተለየ ኃላፊነት አለባችሁ። ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ የሚመስላቸው ምእመናን አሉና። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በግልጽ አስታውቀዋል። ጠበል እጠመቃለሁ ብሎ መድኃኒት ላቋረጠ ሰው ያ ቃል የሕይወት ቃል ነበር። ከአባት አንደበት የወጣ አንድ ቃል ብዙ ነፍስ ያድናል። እናንተም በዐውደ ምሕረት ስትቆሙ ይህን ሥልጣናችሁን ለማዳን ተጠቀሙበት።

አራተኛው ያሉንን ኅብረቶች ማሠራት ነው። አዲስ ነገር አንፈልግም። ሰንበቴ አለን፤ ጽዋ ማኅበር አለን፤ እድር አለን፤ ወንፈልና ደቦ አለን። ከሰንበቴው በየሳምንቱ አንድ መሶብ ለጉባኤ ቤቱ ይለይ። ክረምት ሳይገባ በደቦ የተማሪዎቹ ጎጆ ይከደን። በመከር ጊዜ ከየአውድማው የሚወጣው እፍኝ እህል በአንድ ጎተራ ተጠራቅሞ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። የጎተራው ቁልፍም በሦስት ሰዎች እጅ ይሁን፤ ፍቅር ግልጽነትን አይፈራምና። የገባውና የወጣው በየሩብ ዓመቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ተግሣጽን መቀበል ነው። ሐዋርያት ቅሬታ ሲነሣ እንዴት እንደ ተቀበሉ አይተናል። በሰበካ ጉባኤያችን ግን አንዲት ድሀ እናት ተነሥታ ተረስቻለሁ ብትል፣ አንዳንዴ ነውረኛ ተብላ ትቀመጣለች። አንድ ወጣት ሒሳቡ ይታይ ቢል ደፋር ይባላል። እንዲህ በሆነበት አጥቢያ መሪው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው። እኛን ያዳነን የሽማግሌው ካህን ጥያቄ መሆኑን አንርሳ። እርሳቸው እንግዳ ናቸው ብለው ቢያፍሩን፣ እኛም ባለማኅተም ነን ብለን ብንታበይ ኖሮ እነዚያ ልጆች ምን ይሆኑ ነበር?

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ፤ አጥቢያችሁ ያማረ ሕንፃ፣ የተሟላ ንዋያተ ቅድሳት፣ ከፍ ያለ የደወል ቤት ይኑረው ብላችሁ መድከማችሁ የሚመሰገን ነው። የእግዚአብሔር ቤት ሊከበር ይገባዋልና። ነገር ግን ጌታችን በዳግም ምጽአቱ የሚጠይቀንን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስቀድሞ ነግሮናል። ፈተናውን የማናውቀው ተማሪዎች አይደለንም፤ ጥያቄው ተነግሮናል። የተራበው በላ ወይ፣ የታረዘው ለበሰ ወይ፣ እንግዳው ተቀበለው ወይ፣ የታመመው ተጠየቀ ወይ የሚል ነው። በእናንተ አገር የተራበው፣ የታረዘው፣ እንግዳውና ሕሙሙ አራቱም በአንድ ልጅ ተገናኝተው በቤተ ክርስቲያናችሁ ቅጥር ሥር ይተኛሉ። እርሱን ያገኘ አራቱን አገኘ።

እኛም ከእናንተ ጋር ቃል እንገባለን። በሚቀጥለው ጊዜ ስንመጣ የእርከኑን ርዝመትና የችግኙን ብዛት ከመጠየቃችን በፊት የሰውን መዝገብ እንድታሳዩን እንጠይቃለን። የጎደለ ቢኖር ለመውቀስ ሳይሆን አብረን ለመፈለግ ነው። የእኛም ዝርዝር የጎደለ ሲሆን እንደ እኚያ አባት በመቋሚያችሁ ተደግፋችሁ፣ ሳታፍሩን፣ ያልመጣው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁን።

ጠቦቱን ለመፈለግ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የወጣው መልካም እረኛ፣ በእጃችን የሰጠንን መንጋ በፍቅር እንድንጠብቅ ኃይሉን ያድለን። የቤተልሔምና የዙር አባ ጉባኤ እንዳይፈታ፣ የመምህራኑ ወንበር እንዳይታጠፍ፣ የተማሪዎቹም ድምፅ ከደጃችን እንዳይጠፋ ይጠብቅልን። አገራችንን በሰላም፣ ምድራችንን በዝናም ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።